ኮሶ ሥር እና ቁጥር አርባ አንድ

ሼፊልድ፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ላሳደጉኝ አክስቴ ለእትዬ እናናየሁ፣ አንኮበር

ጤናዎ እንዴት ነው? የአንኮበር ጉምስ ለቀቅ አድርጎዎታል? እኔ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነኝ፤ ናፍቆቱን ግን ይህን ያህላል ብዬ መጻፍ አልችልም። ስልክ ብደውል ጆሮዎ እንደማይሰማ፣ ሰው አጠገብዎ ቆሞ እየጮኸ ሲነግርዎ ደግሞ እንደሚናደዱ ስለማውቅ እንደ ልማዳችን ጻፍኩ። ደብዳቤው ደብረ ብርሃን በመምህር ተስፋሚካኤል ፖስታ ሳጥን ይገባል፤ እሳቸው አንኮበር ሲመጡ ያደርሱልዎታል።

አሁን ቁጭ ይበሉ። መሬት አገኘሁ!

እዚሁ እንግሊዝ አገር ነው። አራት ዓመት ተራ ስጠብቅ ቆይቼ የከተማው ማዘጋጃ ቤት በስሜ ጻፈልኝ። ቁጥሩ አርባ አንድ ነው፤ የበሩን ቁልፍም ሰጥተውኛል። ወርዱ አሥር እርምጃ፣ ርዝመቱ ሃያ አምስት ይሆናል። ከከተማው ዳር ቁልቁለት ላይ ነው፤ ሌሎች ሰዎችም ጎን ለጎን አትክልት ያለሙበታል።

ምን ዓይነት መሬት መሰለዎት ግን! ይዞት የነበረው ሰው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እንጆሪው ከራሴ በላይ ቆሟል፤ እሾሁ ደግሞ የእኛን አገር እንጆሪ እሾህ ያስንቃል። ሥር ሥሩ የዛገ ባልዲ፣ የተሰባበረ መስታወት፣ የሕፃን ጋሪ ሳይቀር አገኘሁ። ነጭ ሥር ያለው ሐረግም አለ፤ አንዱን ስቆርጠው ሦስት ሆኖ ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስታገል ውዬ ያጸዳሁት አንድ በሬ የሚተኛበትን ያህል ነው። እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምሩ ነበር?

ሥራዬ ያው የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ነው። ማሽኑ ስለሚጮህ ሰው ከሰው አይነጋገርም። ስሜን አሳጥረው "ሱ" ይሉኛል፤ እኔም ተውኳቸው። ቅዳሜ ግን መሬቴ ላይ ወጥቼ ማንም ሳይሰማኝ እሾሁን በአማርኛ ስሳደብ እውላለሁ። ከሳምንቱ የምወደው ቀን እሱ ሆኗል።

ፎቶግራፍ ልኬልዎታለሁ። አጥሩን ተደግፎ የቆመው እኔ ነኝ፤ ከስቻለሁ ብለው እንዳይጨነቁ።

ልጅዎ እሱባለው


አንኮበር፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእሱባለው

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። እጅህ ከእሾህ፣ እግርህ ከእንቅፋት ይጠበቅልኝ። ደብዳቤህ በሰሞነ ሕማማት ደረሰኝ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ስለከረመ ሳይጠፋ መምጣቱም ተመስገን ነው። አንብቤ ስጨርስ ደስታዬን የማደርገው አጣሁና ነጠላዬን ደርቤ ሚካኤል ሄድኩ፤ መጀመሪያ ለእሱ ነገርኩት። ከዚያ ስመለስ ለመንደሩ ሁሉ ነገርኩ።

አሥር እርምጃ በሃያ አምስት አልከኝ። በማን እርምጃ ነው የለካኸው? ያንተ እርምጃ እንደሆነ ከልጅነትህ ጀምሮ አጭር ነው። እኛ እንዲህ ያለውን ለጎመንና ለሽንኩርት ነው የምንተወው። ቢሆንም መሬት ነው፤ በስምህ የተጻፈ መሬት! አራት ዓመት ጠበቅሁ ብለህ አታማር። እዚህ አሥር ዓመት ጠብቀው ያላገኙ አሉ።

ሥራውን እንዲህ አድርግ። ሁሉንም ባንዴ ልመንጥር አትበል፣ ወገብህን ትሰብራለህ። ከላይኛው በኩል ጀምርና ወደ ታች ውረድ። እንጆሪውን ከጉልበትህ ላይ ቁረጠውና ከምረው፤ እሳት አትልቀቅበት። ሥሩን ዝናብ ካራሰው በኋላ በዶማ ንቀለው። ሐረጉን ደግሞ አትቁረጠው፣ አፈሩን አላልተህ እንደ ክር ሳብ ሳብ እያደረግህ ሥሩን አውጣው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። የጸዳውን ቦታ ባዶውን እንዳታሳድረው፣ ድንች ትከልበት። ድንች አፈር ያላላል። ግማሹን ዘንድሮ፣ ግማሹን ለከርሞ።

የጎመን ዘር በወረቀት ጠቅልዬ እዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ብርዱን ይችላል፤ የእኛን ውርጭ የቻለ ነው።

ታመነ ፎቶግራፍህን ይዞ ብዙ አየው። የአጎቴ የገብረአማኑኤል የልጅ ልጅ ነው፤ አንተ ስትሄድ ገና ተማሪ ነበር። አሁን ሚስት አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል፤ የሚያርሰው ግን የለውም፣ የሰው ቤት ተከራይቶ የቀን ሥራ ይሠራል። "ሰው ባዕድ አገር ሄዶ መሬት ያገኛል፣ እኔ ባያቶቼ አገር..." አለና ሳይጨርሰው ተነሥቶ ሄደ።

አባትህ የተወልህ ማሳ፣ ኮሶ ሥር፣ እንዳለ ነው። በእኩል ያርሰው የነበረው ሰውዬ ካረጀ ወዲህ ሁለት ዓመት ጦም አደረ። ዳር እስከ ዳር አረም ውጦታል። የይዞታ ደብተሩ ግን ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ አደራህን አልረሳሁም።

ለማንበቢያ የሚሆን መነጽር ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። ፊደልህ እያነሰ መጥቷል፣ ወይ የእኔ ዓይን ነው።

አክስትህ እናናየሁ


ሼፊልድ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ እናናየሁ

ክረምቱ እንዴት ገባ? እዚህ በጋ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን ሹራቤን አላወለቅሁም። መነጽሩን አብሬ ልኬያለሁ፤ ሁለት ነው፣ አንዱ ቢሰበር አንዱ ይኖርዎታል።

ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ከላይ ጀመርኩ፣ ከመርኩ፣ ሐረጉን እንደ ክር ሳብኩት። አንዱ ሥር ከእኔ ቁመት የረዘመ ወጣ፤ ለማሳየት ዞር ስል ሰው አጠገቤ የለም። ያን ዕለት እርስዎ ነበሩ ትዝ ያሉኝ። ድንቹ በቅሏል፤ ጎመንዎም በቅሎ ነበር፣ እርግቦች ጨረሱብኝ። መረብ አልብሼ እንደገና ዘርቼዋለሁ።

ጎረቤት አገኘሁ። የብረት ፋብሪካ ጡረተኛ የሆነ ሽማግሌ ነው፤ ቁጥር አርባ ሁለት የእሱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላል። ሦስት ሳምንት ያህል ባንገቱ ብቻ ሰላም ሲለኝ ቆየና አንድ ቀን፣ የመጨረሻውን የእንጆሪ ቁጥቋጦ ልቆርጥ ስል፣ እየሮጠ መጥቶ እጄን ያዘኝ። ይሄን ተወው አለኝ። ከታችኛው ጥግ አምስት እርምጃ ያህል ሳይነካ ይደር፣ ወፎቹ እዚያ ይራባሉ፣ ንቦቹ አበባውን ይፈልጉታል ይላል። እኔ ደግሞ መሬት ያለው ሰው ዳሩን አረም አስበልቶ አያርስም ብዬ ተሟገትኩት። በመጨረሻ ሽምግልናውን አክብሬ ተውኩለት።

ከዚያ በኋላ አላቆመም። አሮጌ የልብስ ሳፋ አምጥቶ መሬት ውስጥ ቀበረና ውኃ ሞላው። በወሩ እንቁራሪት ገባበት! ቅጠሌን የሚበሉትን ቀንድ አውጣዎች እንቁራሪቶቹ ይለቅሙልኛል። መድኃኒት አልረጭም፣ አያስፈልገኝም። አጥሩ ሥር ደግሞ ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ አበጅተናል። ጃርት የምትመስል፣ ግን ከሁለት እጅ እፍኝ የማትበልጥ እንስሳ አለች፤ በእሱ በኩል ትገባና ትል ስትለቅም ታድራለች።

ባለፈው ማክሰኞ ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ መጥታ መሬቱን አይታልኝ ሄደች። ደህና ነው አለች።

ልጅዎ እሱባለው


አንኮበር፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእሱባለው

አዲሱን ዓመት እንዴት ተቀበልከው? መስቀሉስ? ሐምሌ የጻፍከው የደረሰኝ ትናንት ነው። መምህር ተስፋሚካኤል ሁለት ጊዜ ተነሥተው መንገድ ላይ ተመልሰዋል። መነጽሩ ደህና ነው፤ አሁን የፊትህን መጨማደድ ሳይቀር በፎቶግራፉ ላይ አየሁት። ምነው እንዲህ ቶሎ?

አጥርህን ቀደህ ጃርት ታስገባለህ አሉ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከድንቼ ላይ ጃርት ሳባርር የኖርኩ ሴት ነኝ። ትንሽ ናት፣ ትል ነው የምትበላው ብትለኝም ጨርሶ አላመንኩህም። ለታመነ ሚስት ባነብላት ያቀፈችውን ልጇን ከእጇ እስክትጥል ድረስ ሳቀች። ድንቹን ስታወጣ ስንት እንደተረፈህ ጻፍልኝና እናያለን።

ጥጉን መተውህን ግን ወድጄዋለሁ። ሽማግሌው አዋቂ ነው። አባትህም ኮሶ ሥርን ሲያርስ ዳር ዳሩን አይነካም ነበር፤ ቀጋውንም አጋሙንም እንዳለ ይተወዋል። ሰነፍ ነው ሲሉት በሬዎቹን አዙሮ ማረሱን ይቀጥላል። ያቺ ፈረንጆች የሩቅ ማያ መነጽር ይዘው ለማየት የሚመጡላት ቡናማ ወፍ ከገደሉ ወጥታ እዚያ ቀጋ ላይ ነበር የምትውል። አሁንም አንዳንዴ አጥሬ ላይ ታርፋለች። ድምፅዋ አይሰማኝም፤ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አያለሁና እየዘመረች ነው እላለሁ።

ለጉልበት የሚቀባ ቅባት ካገኘህ ላክልኝ። ለእኔ አይደለም፣ አንዲት ጎረቤቴ ናት የታመመችው። እኔ ደህና ነኝ። ውኃውን ታመነ ይቀዳልኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ መሬት እውነት ያንተ ነው? እንዲያው ለልጅህ፣ ለልጅ ልጅህ የሚቆይ ነው? በግልጽ ጻፍልኝ። ምክንያት አለኝ።

አክስትህ እናናየሁ


ሼፊልድ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ እናናየሁ

ሰላምታዬ ከዚህ ብርድ መሐል ይድረስዎ። ቅባቱን ልኬያለሁ፤ ጎረቤትዎን ጠዋትና ማታ ትቀባ ይበሉልኝ።

ድንቹ አራት ከረጢት ሆነ። አንድም አልተነካም፣ ለታመነ ሚስት ይንገሩልኝ። ጎመንዎ በረዶ ለብሶም ቆሟል። ሽማግሌው አመመውና ካልመጣ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን ነኝ። ዳቦዬን በልቼ፣ ሳፋው ላይ የረጋውን በረዶ ሰብሬ እመለሳለሁ። ያን ቀን ከማንም ጋር ሳልነጋገር እገባለሁ።

ስለ መሬቱ የጠየቁኝ፣ ምንም አያሳስብዎ። በስሜ ተጽፏል።

ልጅዎ እሱባለው


አንኮበር፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእሱባለው

አምላክ የሠራኸውን ይባርክልህ፣ የዘራኸውን ለፍሬ ያብቃልህ። ዛሬ የምጽፍልህ የምሥራች ነው፤ አንተም እንደ እኔ ደስ እንደሚልህ አልጠራጠርም።

በየካቲት ቀበሌው ጦም ስላደሩ ማሳዎች ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ኮሶ ሥርም ተነሣ። ደብተሩ እስከ ዛሬ በአባትህ ስም ነው፣ ወደ አንተ አልዞረም። ወራሹ ይመጣል ወይ፣ ወይስ ሌላ ቦታ መሬት ይዟል ብለው ጠየቁኝ። እኔ ተነሥቼ፣ ጆሮዬ ስለማይሰማ እየጮህኩ መሰለኝ፣ ፎቶግራፍህን አውጥቼ አሳየኋቸው። ልጄ በእንግሊዝ አገር መሬት አግኝቷል፣ በስሙ ተጽፎለታል፣ አልምቶታል፣ ከሁለት ቦታ መሬት ይዞ የወንድሙን ድርሻ የሚያስር ሰው አይደለም አልኩ። በሚካኤል ስም ምዬ ነው የተናገርኩት። ሽማግሌዎቹ መረቁህ።

እንግዲህ ኮሶ ሥር ለታመነ ተሰጠ። ከሥጋችን ስለሆነ ከዘር አልወጣም። እኔም በአደራ ያዥነቴ ፈረምኩ፤ አውራ ጣቴን አላደረግሁም፣ በመሠረተ ትምህርት የተማርኩትን ፊርማ ነው የፈረምኩት።

ታመነ መንጥሮ ጨርሷል። ባሕር ዛፍ ሊተክልበት አስቦ ነበር፤ እኔ ያንተን ደብዳቤ አነበብኩለት። ስለ ጥጉም፣ ስለ ንቦቹም፣ ስለዚያች እንስሳም። ገደሉን የሚያዋስነውን ቀጋ ትቶታል። ባቄላና ገብስ ይዘራል። በላይኛው ጫፍ ሁለት ክፍል ቤት እየሠራ ነው፤ ከደጄ ሆኜ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲያበራ ይታየኛል።

ያገኘኸውን መሬት ለሌላው መተረፊያ ስላደረግኸው ኮርቼብሃለሁ። ምንም ነገር አልፈልግም፣ ምንም አትላክ።

አክስትህ እናናየሁ


አንኮበር፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእሱባለው

ደብዳቤህ ቀረ። መምህር ተስፋሚካኤል ሳጥኑን በየሳምንቱ ያያሉ፣ ባዶ ነው ይሉኛል። ታመሃል? ወይስ መንገድ ላይ ጠፋ? ሁለት መስመር ብትሆንም ጻፍልኝ።

እናናየሁ


ሼፊልድ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ እናናየሁ

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። አልታመምኩም። ይቅርታ ለመጠየቅ አምስት ወር ፈጀብኝ፤ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

መሬት የለኝም፣ እትዬ።

ቁጥር አርባ አንድ ኪራይ ነው። በየዓመቱ እከፍላለሁ። ቤት አይሠራበትም፣ አይታደርበትም፣ ለልጅ አይተላለፍም። ካላለማሁት በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይወስዱታል። ያቺ ወረቀት ይዛ መጣች ያልኩዎት ሴት ልትነጥቀኝ ነበር የመጣችው፤ ከአራት እጅ ሦስቱ ባይለማ ኖሮ ያኔውኑ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጡት ነበር። በስሜ ተጽፏል ያልኩት እውነት ነው፤ የተጻፈው ግን በተከራይ መዝገብ ላይ ነው።

ለምን ዋሸሁ? ለአሥራ አንድ ዓመት ስጽፍልዎ አንድም የሚያኮራ ነገር ጽፌልዎት አላውቅም። ሁልጊዜ ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ብርድ ነው። ያን ቁልፍ ሲሰጡኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የምነግርዎ ነገር አገኘሁ፤ ኪራይ ነው ብል ደስታዎ ግማሽ የሚሆን መሰለኝ። በግልጽ ጻፍልኝ ሲሉኝም ፈራሁ።

ኮሶ ሥርን አንድ ቀን አርሰዋለሁ ብዬ በቁም ነገር አስቤ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ግን ማሽኑ እየጮኸ ቁሜ ስውል፣ የምመለስበት አለኝ፣ ያ መሬት የእኔ ነው እል ነበር። እዚህ ሰው ሲንቀኝ ያንን አስቤ አልፈዋለሁ። አሁን የማስበው ጠፋኝ። ሽማግሌው በግንቦት ሞተ፤ ቁጥር አርባ ሁለትን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፣ አዲሱ ሰውዬ ሽማግሌው በራሱ በኩል ትቶት የነበረውን ጥግ መንጥሮ ሲሚንቶ አፍስሶበታል።

ታመነን አልጠላሁም። ልጆች አሉት። ግን እባክዎ፣ የሚመለስ ነገር ካለ ይንገሩኝ። ግማሹም ቢሆን፣ ሩቡም ቢሆን። ቀበሌው ፊት ቀርቤ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ።

እሱባለው


አንኮበር፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእሱባለው

ደብዳቤህን አንብቤ ሁለት ቀን አልበላሁም። በሚካኤል ስም አስምለኸኛል! በሰባ ዓመቴ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ውሸትህን እየጮህኩ ተናገርኩልህ። ይህን ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ተናዝዤበታለሁ፤ አንተም በዚያው ተናዘዝበት።

አይመለስም። ሩቡም አይመለስም። ደብተሩ በታመነ ስም ወጥቷል። ባቄላው አብቧል፣ ልጆቹ በዚያ ደጃፍ ቁጭ ብለው ነው እሸት የሚጠብቁ። እኔ እዚያ ሄጄ ውጡ አልላቸውም፤ አንተም አትላቸውም፣ አውቅሃለሁ።

ተቆጥቼ ልጨርሰው ነበር። ግን አንተ እውነቱን ከጻፍክ እኔም የደበቅሁህ አለኝ።

"በስሜ ተጽፏል" ያልከኝ ጊዜ መልስ እንዳልሆነ አውቄዋለሁ። ለልጅ ልጅህ ይቆያል ወይ ብዬ ጠይቄህ አለፍከው። አየሁት፣ ዝም አልኩ። ያመንኩህ ማመን ስለፈለግሁ ነው።

ካቻምና በነሐሴ ጓሮ ወድቄ ነበር። ጭቃው አዳልጦኝ ጉልበቴ ታጠፈ። ከጠዋት ጀምሮ ከብት እስኪገባ ድረስ ዝናብ ላይ ተኝቼ ዋልኩ። ብጣራ የሚሰማ ጎረቤት የለም፤ ሰው ቢጠራኝም እኔ አልሰማ። ታመነ የጠፋች አህያ ሲፈልግ አልፎ ነው ያገኘኝ። ቅባቱ የእኔ ነው፣ የታመመች ጎረቤት የለችም። ከዚያ ወዲህ ወገቤም ጉልበቴም አልተመለሰም። ከአልጋዬ እስከ ደጄም ቢሆን በዱላ ነው የምሄድ።

ስብሰባው ሲጠራ ያሰብኩት ያንን ቀን ነው። ታመነ ኮሶ ሥርን ቢያገኝ ቤት ይሠራል፣ ቤት ከሠራ ደግሞ ከደጄ ሆኜ ሰው አያለሁ አልኩ። ብቻዬን መሞት ፈርቼ ባንተ መሬት ጎረቤት ገዛሁ። ይኸው ነው። ለአንተ አሰብኩ ብልህ ውሸት ነው።

ደግሞ ሳቅብኝ። ከላይ ጀምር፣ ቆርጠህ ከምር፣ ባዶውን አታሳድረው እያልኩ ስመክርህ የእኔ ጓሮ ሁለት ዓመት ሰው አልነካውም። ጎንበስ ማለት ከመውደቄም በፊት አቅቶኝ ነበር። ሳማ ውጦታል። የላክሁልህ የጎመን ዘር ከእሱ የለቀምኩት የመጨረሻው ነበር። አንተ ስለ ድንችህ ስትጽፍልኝ በመስኮት ሳማውን እያየሁ በሐሳቤ ካንተ ጋር እቆፍር ነበር። እነዚያ ደብዳቤዎች ባይመጡ ምን ይዤ እውል እንደነበር አላውቅም።

ቂም ብትይዝብኝ እችለዋለሁ። ዝም አትበለኝ ብቻ።

አክስትህ እናናየሁ


ሼፊልድ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ እናናየሁ

ደብዳቤዎን ይዤ ሥራ ገባሁ፤ በምሳ ሰዓት እንደገና አነበብኩት። ዝናብ ላይ ወድቀው የዋሉበትን ቀን ቆጠርኩ። እኔ ያን ሰሞን ድንቼን እያወጣሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

አልተቆጣሁም ብል እንደገና መዋሸት ይሆናል። ተቆጥቻለሁ። ግን እርስዎን ጎረቤት ያሳጣሁዎት እኔ ነኝ፤ እኔ ብኖር ማንንም ባልገዙ ነበር። ኮሶ ሥር የታመነ ይሁን። ከእኔ በኩል ምንም ክርክር እንደሌለ ጽፌ ፈርሜ እዚህ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ይስጡልኝ።

በጥር ሦስት ሳምንት ፈቃድ አገኘሁ። ትኬት ቆርጫለሁ፤ ለጥምቀት እደርሳለሁ። አንኮበር ስመጣ የእኔ የምለው መሬት ሳይኖረኝ ይሄ መጀመሪያዬ ነው፣ እንደ እንግዳ ነው የምመጣው። ሰው ለምን መጣህ ቢለኝ የምመልሰው የለኝም። እርስዎን ላስቸግር አልፈልግም፤ ቤቱም ጠባብ ነው፣ ጉልበትዎም ታሟል። ደብረ ብርሃን ሆቴል ይዤ ጠዋት እየመጣሁ ማታ ብመለስ ይሻል ይሆን? የሚሻለውን ይጻፉልኝ።

እሱባለው


አንኮበር፣ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለእሱባለው

ሆቴል! ይህን ቃል ካነበብኩ ጀምሮ ከራሴ ጋር ስጣላ ነው የሰነበትኩ። መምህር ተስፋሚካኤልን ዛሬውኑ ይሄን ይዘው ካልሄዱ አልለቅዎትም ብያቸው ደጄ ተቀምጠው ይጠብቁኛል፣ ስለዚህ አላስረዝመውም።

ወረቀትህን ለታመነ ሰጠሁት። አንብቦ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። በማግስቱ ጠዋት ማጭዱን ስሎ መጣና፣ እንግዳ ስለሚመጣ የእርስዎን ጓሮ ላጽዳልዎ አለኝ። ሁለት እፍኝ ያህል አጭዶ ነበር እኔ ስደርስ። ዱላዬን አንሥቼ ጮህኩበት። ምስኪን፣ ደነገጠ። ይሄ የእሱባለው ሥራ ነው፣ ቅጠሉን እንዳትነካ አልኩት። ልጆቹም እንዳይገቡበት በሩን በገመድ አሰርኩት።

ስለዚህ ለምን መጣህ የሚልህ ካለ ጓሮዬን አሳየው። ሦስት ሳምንት ይበቃህ እንደሆነ አላውቅም። ያልጨረስከውን ማንም አይነካውም፣ በሚቀጥለው ፈቃድህ ትጨርሰዋለህ። የምትተወው ጥግ የቱ እንደሆነም አንተ ትመርጣለህ። እኔ በርጩማ አውጥቼ ደጅ ተቀምጬ አዝሃለሁ።

አልጋ አንጥፌያለሁ። ጓንት ይዘህ ና፤ ሳማው ቁመቱ ከእኔ በልጧል።

አክስትህ እናናየሁ